የጣሊያን የቡና ገንዘብ ቦንጋ ቢመጣ ምን ይሥራ?

ቱሪን ከተማ፣ በላቫዛ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ፣ በ2018 የተከፈተ የቡና ሙዚየም አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ በግልጽ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጎብኚው ገና ሲገባ አንድ ስኒ ይሰጠዋል። ስኒውን በየማሳያው ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ምስልና ድምፅ ይከፈትለታል፤ በ1895 ከአንዲት የቱሪን ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የተነሣውን ቤተሰብ ታሪክም ሰምቶ ይወጣል። ትሪየስቴ ላይ ደግሞ በ1933 የተመሠረተው ኢሊ «የቡና ዩኒቨርሲቲ» ብሎ የሰየመው ማሠልጠኛ አለው፤ በ1999 ኔፕልስ ውስጥ ተጀምሮ ኋላ የተዛወረ ነው። የካፋዋ ቦንጋም በበኩሏ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት። የመሠረት ድንጋዩ በሚሊኒየሙ ሰሞን የተቀመጠለት ይህ ሕንፃ ግንባታው ካለቀ በኋላ ለዓመታት በቅጡ ሳይደራጅ ቆይቷል። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ቡናው ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት የማንኪራ ጫካ አለ። ዩኒቨርሲቲም አለ። ቡናው እዚህ ሆኖ የቡናው ወግ ግን በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሰው ወጪ ይነገራል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። የጣሊያን መንግሥት በጥር 2024 ሮም ላይ የአፍሪካ መሪዎችን ሰብስቦ «የማቴይ ዕቅድ» ያለውን መርሐ ግብር ሲያስተዋውቅ 5.5 ቢሊዮን ዩሮ መነሻ አድርጎ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አገሮች አንዷ ሆነች። የጅማው የቦዬ ሐይቅ ማገገሚያ የዚሁ ትብብር ፍሬ ነው፤ ጅማ ደግሞ የቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ እንደነበረች ማስታወስ ተገቢ ነው። በቡናው መስክም የጣሊያን መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅትና የኢሊ ቤተሰብ ፋውንዴሽን በአለታ ወንዶና በደሎ መና አብረው ሠርተዋል። ቦንጋ በበኩሏ ከ2021 ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም እዚያ ይገኛል። ገንዘቡም ፍላጎቱም ወደ አካባቢው እየተጠጋ ስለሆነ፣ ነገ አንድ ፋውንዴሽን የዩኒቨርሲቲውን በር አንኳኩቶ «የጣሊያን የባህል ማዕከል እንሥራላችሁ» ቢል የሚያስገርም አይሆንም። መልሱን ከወዲሁ ማሰብ ይሻላል። የእኔ መልስ፣ ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ሕንፃውን ግን አታስቀድሙ የሚል ነው። ካፋ ከጣሊያን የሚያስፈልጋት በጣልያንኛ የተጻፈው የራሷ መዝገብ ነው፤ ያንን መዝገብ አንብቦ፣ ተርጉሞ፣ ከሽማግሌዎች ቃል ጋር አስተያይቶ የሚያርም ሰው ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት ደመወዝ ይፈልጋል። ልገሳው ለዚያ ደመወዝ ካልዋለ ሌላ ባዶ ሕንፃ ይጨምርልናል እንጂ አይረባንም።

መዝገቡ ቀላል አይደለም። የካፑቺን ማኅበር ሚስዮናዊው ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አቡነ መሲያስ እየተባለ የተጠራው፣ በ1859 ካፋ ገብቶ በ1861 እስኪባረር ድረስ ታቶ ከሚባሉት ነገሥታት መንግሥት ውስጥ ተቀምጧል። በኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው 35 ዓመታት የጻፈው ማስታወሻ በ12 ቅጾች ታትሟል። ካፋ ገና ነፃ መንግሥት ሳለች፣ ዙሪያዋን በጉድጓድና በአጥር አጥራ እንግዳን በፈቃድ ብቻ በምታስገባበት ጊዜ፣ ውስጧን ያየ ሰው የጻፈው ነውና ጭፍንነቱም ጥላቻውም እንዳለ ሆኖ ምትክ የለውም። ከሱ በኋላ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ መጡ። ወደ ካፋ ሲያመሩ ጌራ ላይ ተይዘው ቀሩ፤ ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፣ ቼኪ ተፈትቶ ከዘይላ እስከ ካፋ ድንበር ያደረገውን ጉዞ በሦስት ቅጽ ጻፈ። በመጨረሻም ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 በኢትዮጵያ ጥናቶቹ አራተኛ ቅጽ የካፋን ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። የቪየናው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 እና በ1909 ተጉዞ በ1920 እና በ1923 ያሳተማቸው ሁለት ዳጎስ ያሉ የጀርመንኛ ቅጾች ሲጨመሩ፣ ስለ አሮጌው የካፋ መንግሥት በጽሑፍ ከምናውቀው ብዙው ከነዚህ አራት ሰዎች እጅ የወጣ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለ ነገሥታቱ፣ ሚክሬቾ ስለሚባለው ሸንጎ፣ ስለ ጎሳዎቹ ማዕረግ፣ ስለ ድንበሩ ምሽግ የሚናገሩት እነዚህ መጻሕፍት ናቸው። የማሳያ መታሰቢያ የሆነው የኢትዮጵያ ሙዚየም ደግሞ ከሮም አጠገብ በፍራስካቲ ገዳም ይገኛል።

አገሬው የራሱን ታሪክ ከነዚህ ሰዎች እጅ እንዲፈልግ ያደረገው ምን እንደሆነ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ሃያ ዓመት ያህል በግዞት ኖሮ በ1919 ሞተ። ዘውዱን የአፄ ምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ስዊዘርላንድ ወሰደው፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1954 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ፣ ሕዝቡ በጦርነትና በባሪያ ፈንጋይ ሲመናመን፣ በአፍ የሚወርደው ትውስታም አብሮ ሳሳ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካፋ በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛው ከድል አድራጊው ወገን ዐይን የታየ ነው። ስለዚህ የማሳያና የቢበር ገጾች ለካፌቾ ተማሪ ከአማርኛው ትረካ ውጭ ያሉ ምስክሮች ናቸው። ምስክርን ደግሞ መመርመር፣ መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ማሳያ ነፍስ ሊያድን የመጣ ሰው ነበር፤ ቼኪ የመንግሥቱን የቅኝ ግዛት ሕልም ተሸክሞ የመጣ ነበር፤ ቼሩሊ በወረራው ዘመን የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ጠቅላይ ገዥ የነበረ ባለሥልጣን ነው። እያንዳንዱ ያየውን ብቻ ሳይሆን ሊያይ የፈለገውንም ጽፏል። ይህን ሊለይ የሚችለው ጣልያንኛውን የሚያነብና የካፋ ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖ፣ የአፍ መፍቻው የሆነ ተመራማሪ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ እንዲገናኙ ካልተደረገ፣ ቦንጋ የተወለደ ልጅ ስለ አያቶቹ መንግሥት ሊያነብ ሲነሣ ከእንግሊዝኛ ማጠቃለያ የተቀነጨበ ሦስተኛ እጅ ወሬ ላይ ይወድቃል።

አንድ ምሳሌ ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። ካልዲ የሚባለው የፍየል እረኛ ታሪክ በየቡና ማሸጊያው፣ በየካፌው ግድግዳ፣ በየቱሪስት በራሪ ወረቀቱ ካፋ ላይ እንደ ተፈጸመ ተደርጎ ይነገራል። በጽሑፍ የሚታወቀው ጥንታዊ ምንጩ ግን በ1671 ሮም ላይ የታተመ የላቲን ድርሳን ነው፤ ጸሐፊው እዚያው ያስተምር የነበረ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ ሊቅ ሲሆን፣ ነገሩን ያስቀመጠው በዐረብ ምድር ነው፤ ካልዲ የሚለውም ስም ኋላ የተለጠፈ ነው። ካፋ ለመኖር ይህ ተረት አያስፈልጋትም። የአረቢካ ቡና የትውልድ ቦታ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የዕፅዋት ሳይንስ አረጋግጧል። ነገር ግን ቡና የሚሸጥ ድርጅት የሚወደው ተረቱን ነው፤ አጭር ነው፣ ፍየል አለበት፣ ለማስታወቂያ ይመቻል። የካፋው ማንኪራና የጅማው ጮጬ ለረጅም ጊዜ የሚከራከሩበት የ«ቡና መጀመሪያ የተገኘው የት ነው» ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ ነጋዴው አንድ ቦታና አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ታሪክ ጸሐፊው ግን በብዙ ሺህ ሄክታር የተበተነ የዱር ተክል አንድ የልደት ቀበሌ እንደማይኖረው ማስረዳት ግዴታው ነው። የቡና ገንዘብ የሚያቆመው የባህል ማዕከል መጀመሪያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ለጋሹን ደስ የማያሰኝ ውጤት ማተም ካልቻለ የማስታወቂያ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ካፋ የውጭ ልገሳን የምታውቀው ዛሬ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ ቦንጋ ላይ የአሳታፊ ደን አስተዳደርን ጀመረ። በ2004 የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ተቋቋመ። የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ ከ2006 ገደማ ጀምሮ ሠርቶ፣ 760 ሺህ ሄክታር ያህል የሚሸፍነው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2010 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ ከያዩ ጋር በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ይህ ሥራ ውጤት አላመጣም የሚል ሰው ጫካውን አላየም። ምስጢሩ ለጋሾቹ ሕንፃ ሠርተው አለመሄዳቸው ነው፤ ገንዘቡ ወደ ደን ጠባቂው፣ ወደ ችግኝ ጣቢያው፣ ወደ ማኅበሩ አባላት ሥልጠና ሄደ። ገበሬውም በራሱ ልማድ የቆየ የደን ይዞታ ሥርዓት፣ ቆቦ የሚሉት፣ ስለነበረው አዲሱ ስምምነት የሚተከልበት አፈር አላጣም። የእውቀቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2014 ብዙ የውጭና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጫካውን አስሰው ያዘጋጁት ትልቁ የብዝኀ ሕይወት ጥናት በ2017 በርሊን ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ። ዓላማው መልካም፣ ይዘቱ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ መንገዱ የማሳያና የቢበር መንገድ ነው፦ ካፋ ታጠናለች፣ መጽሐፉ አውሮፓ ይቀራል። ማንም ተንኮል አልሠራም፤ ቦንጋ ላይ የሚቀበል፣ የሚተረጉም፣ የሚያከማች ቋሚ ተቋም ስላልነበረ ነው። እንግዲህ የደኑ ልገሳ የተሳካበት ዘዴ፣ ማለትም ለሰውና ለሥራ የሚከፍል፣ ለመዝገቡም ይዋል ማለት ከባድ ጥያቄ አይመስለኝም።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚቀመጥ የባህል ተቋም ትንሽ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ስድስት ኪሎ ሲቋቋም መኖሪያው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ሕንፃ አልቸገረውም። የቸገረው ቅርሱ በየሳምንቱ በቱሪስት ሻንጣ ከአገር ሲወጣ ገዝቶ የሚያስቀርበት ብር ነበር። በ1968 የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር የአባላት መዋጮና የጨረታ ገቢ እያሰባሰበ ሥዕል፣ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ እየገዛ ለተቋሙ ሙዚየም አስረከበ። ከበርቴ አልነበሩም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የኤምባሲ ሠራተኞች፣ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ናቸው። ሆኖም መዋጮው ዓላማው የጠበበ፣ የሚደጋገምና ያለማቋረጥ የሚገባ ስለነበር ዛሬ ሙዚየሙን ሙዚየም ካደረጉት ዕቃዎች ብዙዎቹ በዚያ ገንዘብ የተገኙ ናቸው። እዚያው ግቢ፣ በተቋሙ ደጃፍ፣ ፋሺስቶች ሠርተውት የሄዱት ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት እንዲያመለክት ታስቦ ነበር፤ ከድል በኋላ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በአንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ካሉ የጣሊያን «የባህል ስጦታዎች» ታዋቂው ይህ መሆኑ ለርእሳችን ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማስጠንቀቂያውን በደንብ የጻፈው ግን የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ በጥቅምት 1927 ካዛ ኢታሊያና የተባለ የጣሊያን ባህል ቤት ተመረቀ። ያሠሩት ከጣሊያን ተሰደው በሕንፃ ተቋራጭነት የከበሩት የፓተርኖና የካምፓኛ ቤተሰቦች ናቸው፤ የስደተኛ ልጆች የአያቶቻቸውን ቋንቋ እንዲማሩ ያደረጉት ነበር፣ አሳባቸውም ንጹሕ ነበር። ሙሶሊኒ ግን የቤት ዕቃ ላከ። ቤቱ ዓላማው ምን እንደሆነ፣ ማን ከማን ስጦታ መቀበል እንደሚችል የሚወስን ጠንካራ ደንብ አልነበረውም። በ1934 ዘ ኔሽን የተባለው መጽሔት ቤቱ የፋሺስት ስብከት መናኸሪያ ሆኗል ብሎ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ክሱን አስተባበሉ፤ ክርክሩ ሳይበርድ በጥቅምት 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ከዚያም በ1990 የጣሊያን መንግሥት ሕንፃውን ገዛው፤ በማግሥቱ ዓመት ከኮሎምቢያ ጋር በተደረገ ውል ከየአገሩ የመጡ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት የጥናት አካዳሚ ሆነ። በዚያው በ1990 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ አንዲት ባሮኒት በሟች ባለቤታቸው መታሰቢያ ሌላ የጣሊያን ቤት አቋቋሙ፤ እሱም እስከ ዛሬ ኮንሰርቱንና ንግግሩን ያስተናግዳል። ከዚህ የምወስደው ጣሊያናዊ ገንዘብ መርዝ ነው የሚል ድምዳሜ አይደለም። አንዱ ቤት በ60 ዓመት ልዩነት ለስብከትም ለጥናትም ውሏል፤ ግድግዳው ያው ነው። የተለወጠው ማን ይወስናል፣ ገንዘቡ ለምን ሥራ ታሰረ የሚለው ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል፦ ወራሪ ለነበረ አገር የባህል በር መክፈት የሞራል ኪሳራ አይደለም ወይ? ተቃውሞው ክብደት አለው። የማሳያን ታሪክ እንኳ ፋሺዝም ሳይጠቀምበት አልቀረም፤ በ1939 «አቡነ መሲያስ» የተባለ ፊልም ተሠርቶ በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸልሟል። ካፋም ጅማን ማዕከሉ ባደረገው የወረራው አስተዳደር ሥር አልፋለች። ነገር ግን መዝገቡን አለመንካት ከዚህ ውርስ አያድነንም፤ ጣሊያኖች ለብቻቸው እንዲተረጉሙት እንተውላቸዋለን እንጂ። የአክሱም ሐውልት በ2005፣ ፀሐይ የተባለው አውሮፕላን በጥር 2024 ከጣሊያን ሲመለሱ «ከነሱ አንቀበልም» ያለ አልነበረም፤ የራሳችን ስለሆነ ተቀበልን። የካፋ መዝገብም ቅጂው፣ ትርጉሙ፣ ትችቱ ሊመለስ የሚገባው በዚያው መንፈስ ነው። ስለዚህ ቤቱ «የጣሊያን የባህል ማዕከል» መባሉን አልደግፍም። አዲስ አበባ ውስጥ የጣሊያን መንግሥት የራሱ የባህል ተቋም አለው፤ ባህሉን ማስተዋወቅ የሱ ሥራ ነው። ቦንጋ የሚያስፈልጋት የካፋ ጥናት ማዕከል ሆኖ ጣልያንኛ የሚማሩበት፣ የጣሊያን ሰነድ የሚመረመርበት አንድ ጠንካራ ክፍል ያለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቦንጋው ገበያ ቢነሣ አይገርመኝም፦ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ሆስፒታሉ እያለ መጽሐፍ ማስተርጎም ቅንጦት ነው። ሰውን ከመንገድ በፊት መጽሐፍ ይገዛልህ ማለት አይቻልም፤ የመንገድና የሆስፒታል ዕዳ ግን የመንግሥት ነው። የቡና ፋውንዴሽን ለባህል የመደበውን እምቢ ብንለው ገንዘቡ ወደ ሆስፒታል አይዞርም፤ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ከዚህም በላይ፣ በካፋ ጉዳይ ባህሉ ከገቢ የተነጠለ አይደለም። የጫካ ቡና ከመደበኛው ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጠው ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ታሪኩ ስለሚከፈልበት ነው። ታሪኩ በሰነድ ካልተደገፈ ማንም ነጋዴ ከማንም ጫካ የመጣን ቡና «ካፋ» ብሎ ሊያሽገው ይችላል፤ ማስረጃውን የሚያቀርብ ተቋም አካባቢው ላይ ሲኖር ግን ገበሬው የሚከራከርበት ወረቀት ይኖረዋል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ዘላቂ ፈንድ ባንክ አስቀምጠን በወለዱ ደመወዝ እንክፈል ሲባል፣ ብር ባለበት አይቆምም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ፤ በብር የተቀመጠ ፈንድ ቢኖር ኖሮ የውጭ መጽሐፍ የመግዛት አቅሙ በአንድ ክረምት ግማሽ በሆነ ነበር። ደግሞም «ኢንዶውመንት» የሚለው ነገር በአገራችን የፓርቲ ድርጅት ይሸታል፤ ኤፈርትና ጥረት ስሙን አበላሽተውታል። ሐሳቡ ግን ባዕድ አይደለም። ገዳማት ለዘመናት ደቀ መዝሙር ያስተማሩት በጉልት ነው፤ መስጊዶችና መድረሳዎችም በወቅፍ። (ካፋ ውስጥ ጉልትን እንደ አርአያ ማንሣት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከ1897 በኋላ የመጣው ጉልት ገበሬውን ገባር ያደረገ ነውና።) ሕጉም ዝግ አይደለም፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዓ.ም. ሀብትን ለበጎ ዓላማ ለዘለቄታው መድቦ ራሱን የቻለ ሰውነት እንዲያገኝ ማስመዝገብን ፈቅዷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ይጠበቃል። ተግባራዊው መፍትሔ ዋናው ገንዘብ በዩሮ እዚያው ጣሊያን ተቀምጦ፣ ውሳኔው ግን በቦንጋ ቦርድ እጅ እንዲሆን ማድረግ ይመስለኛል። ለጋሹ በቦርዱ ላይ አንድ ወንበር ይኑረው፣ ድምፅ የሚያግድበት ሥልጣን ግን አይኑረው። ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሽማግሌዎች፣ ከገበሬዎች ዩኒየን የሚወከሉት አብላጫ ይሁኑ። የሚታተመውን የሚወስነው የምሁራን ጉባኤ እንጂ የገንዘቡ ባለቤት አይሁን። እነዚህ አንቀጾች ውሉ ላይ ከሌሉ፣ ቢሮ ተከፍቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ በሦስተኛው ዓመት ተቆልፎ ማየት አያስደንቅም።

የውጭውን ለጋሽ ይህን ያህል ሥርዓት ስንጠይቅ የራሳችንን ባለሀብት ዝም ማለት ግን ሐቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ቡና ወደ ውጭ ልካለች። ከዚህ ሰንሰለት የሚጠቀሙ ላኪዎች ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ፣ ለቀብር፣ ለተፈናቃይ ሲሰጡ እጃቸው አያጥርም። ለመዝገብ የሚሰጥ ግን ብዙ አይታይም። ምክንያቱም ንፉግነት አይመስለኝም፤ የሚሰጥበት ተቋም የለም፣ ካለም ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያሳይ ሒሳብ አይወጣም። አንድ ታማኝ ፈንድ ቦንጋ ላይ ቢቆም የጣሊያኑ ገንዘብ ትልቁ ጥቅሙ ምናልባት የአገር ውስጡን ማነቃቃቱ ይሆናል፤ ለምሳሌ ዩኒየኑ በየኩንታሉ ጥቂት ብር ቢያዋጣ ገበሬው ራሱ የማዕከሉ ባለድርሻ ስለሚሆን፣ ለጋሹ ነገ ቢሄድ እንኳ ቤቱ አይዘጋም።

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ምን ይሁን ከተባለ ደግሞ መልሱ ከቅጂ መብት ሕግ ይመጣል። ማሳያ በ1889፣ ቼኪ በ1896፣ ቢበር በ1924 ሞተዋል፤ መጻሕፍታቸውን ማንም ያለ ፈቃድ ሊተረጉማቸው ይችላል፣ የሚጎድለው ተርጓሚና የተርጓሚው ደመወዝ ብቻ ነው። ቼሩሊ ግን የሞተው በ1988 ነው። ጣሊያን የጸሐፊን መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ስለምትጠብቅ፣ በዚያ አገር ሕግ የካፋ ቋንቋ ሰዋስው እስከ 2058 ማለቂያ ድረስ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ወደ አማርኛም ሆነ ወደ ካፊ ኖኖ ተተርጉሞ ሊታተም አይችልም። ያንን ፈቃድ ከሮም ለማግኘት አንድ የጣሊያን ፋውንዴሽን ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ አቅም አለው፤ ወጪው ከአንድ የምረቃ ድግስ ላይበልጥ ይችላል። ለጋሹ የዩኒቨርሲቲውን በር ሲያንኳኳ ከሕንፃው ንድፍ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ፈቃድ ነው።